አደራው ኦስቲን ሲደርስ፦ ሜትሮይድ ከተወለደበት ቤት የወጣበት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2000 የኒንቴንዶ ታዋቂው ጌም ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ወደሚገኝ አንድ አዲስ ስቱዲዮ ሄዱ። ስቱዲዮው ሬትሮ ይባላል፤ የተቋቋመው በ1998 ነው። ከጃፓኑ የጌም ኩባንያ ከኒንቴንዶ ጋር ተዋውሎ፣ ጌምኪዩብ ለተባለው ገና ገበያ ላይ ላልዋለ የኩባንያው መጫወቻ መሣሪያ አራት ጌሞችን በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፦ አንዱ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ሌላው የመኪና ፍልሚያ፣ ሦስተኛው ሬቨን ብሌድ የተባለ አርፒጂ (የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱት ጌም)፣ አራተኛው ደግሞ ገና ቅርጽ ያልያዘ የተኩስና የጀብዱ ጌም። ሚያሞቶ ባዩት ነገር አልተደሰቱም። ዓይናቸው ያረፈው አራተኛው ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም የወደዱት ጌሙን ሳይሆን ጌሙን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር፣ ኢንጂኑን ነው። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ኒንቴንዶ ለስድስት ዓመት አዲስ ክፍል ያልወጣለትን ሜትሮይድ የተባለ ተከታታይ ጌሙን፣ አንድም ጌም ለገበያ አቅርቦ ለማያውቅ ስቱዲዮ ሰጠ።

ተወዳጅ ተከታታይ ጌም ወደ ሌላ ስቱዲዮ መሄዱ በተሰማ ቁጥር ተጫዋቾች የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አዲሶቹ ሰዎች ጌሙን ይወዱታል? እኔም ለረጅም ጊዜ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። የሜትሮይድን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስከታተል ግን ጥያቄው ራሱ ትክክል እንዳልሆነ ተረዳሁ። ይህ የአደራ ነገር ነው። በአደራ ነገር ላይ ደግሞ ሁለት ነገር መጣራት አለበት፤ የተሰጠው በትክክል ምንድን ነው? ሰጪውስ በእጁ ያስቀረው ምንድን ነው? ሜትሮይድ የኒንቴንዶ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከኪዮቶ ወጥቶ በተለያዩ ሰዎች እጅ ያለፈ ስለሆነ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመርመር ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቤቱ ውስጥ የቆመው ሥራ

የመጀመሪያው ሜትሮይድ በ1986 ጃፓን ውስጥ ወጣ። የሠራው በጉንፔይ ዮኮይ የሚመራው የኒንቴንዶ የመጀመሪያው የምርምርና ልማት ክፍል ነው። በ1991 ሁለተኛው በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ መሣሪያ ለጌም ቦይ፣ በ1994 ደግሞ በዮሺዮ ሳካሞቶ ዳይሬክተርነት ሱፐር ሜትሮይድ ተከተለ። ሱፐር ሜትሮይድን ዛሬም ከምንጊዜም ምርጥ ጌሞች ተርታ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

የጌሙ አሠራር እንዲህ ነው። ሳሙስ አራን የተባለች ተዋጊ በባዕድ ፕላኔት ላይ ብቻዋን ትወርዳለች። ይህን አድርጊ፣ ወደዚያ ሂጂ የሚላት የለም። በመንገዷ ላይ የማትደርስበት ከፍታ፣ የማይከፈት በር፣ የማትሾልክበት ጠባብ ቀዳዳ ታያለች። ትታው ታልፋለች። ከሰዓታት በኋላ አዲስ ኃይል ስታገኝ ያ ከፍታ ለተጫዋቹ ትዝ ይለዋል። ሳሙስ ኃይል ታገኛለች፤ ተጫዋቹ ግን ኃይሉን የሚጠቀምበትን ቦታ ከራሱ ትዝታ ያወጣል። የሜትሮይድ ልብ እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ከጎን መሆኑ፣ ሥዕሉ ጠፍጣፋ መሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ከ1994 በኋላ ተከታታዩ ዝም አለ። ኒንቴንዶ 64 የተባለው መሣሪያ ወጥቶ ዘመኑን ጨርሶ ሲያልፍ አንድም ሜትሮይድ አልተሠራለትም። ዮኮይ በ1996 ኩባንያውን ለቀቁ፤ በ1997 በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ሳካሞቶ በኋላ እንደተናገሩት፣ በኒንቴንዶ 64 መቆጣጠሪያ ሳሙስን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሷት ሊታያቸው አልቻለም። ኒንቴንዶ ሥራውን ለአንድ የውጭ ኩባንያ አቅርቦ ነበር፤ ኩባንያው ግን ከሱፐር ሜትሮይድ ጋር የሚስተካከል ነገር መሥራት እንደምንችል እርግጠኛ አይደለንም ብሎ መለሰው።

ይህ እምቢታ በርክክብ ታሪኮች ውስጥ የማይወራለት ክፍል ነው። ያ ኩባንያ ጌሙን ያከብር እንደነበር መልሱ ራሱ ይናገራል፤ እንዲያውም እምቢ ያሰኘው አክብሮቱ ነው። ሬትሮ ግን እምቢ አላለም። ገንዘብና ሥራ የሚያስፈልገው፣ አራት ጌም ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ቤት ነበርና እምቢ የሚልበት አቅምም አልነበረውም። ታላላቅ አደራዎች ሁልጊዜ በደስታና በድፍረት ብቻ አይደለም የሚወሰዱት።

ካሜራው ዓይን ውስጥ ሲገባ

ሬትሮ ጌሙን የጀመረው ካሜራውን ከሳሙስ ጀርባ አድርጎ ነበር። ሚያሞቶ ይህን አዩና ወደ ፈርስት ፐርሰን ይቀየር አሉ፤ ተጫዋቹ ዓለሙን የሚያየው በሳሙስ ዓይን፣ ከራስ ቁሯ ውስጥ ሆኖ ይሁን ማለታቸው ነው። እስከዚያ የተሠራው አብዛኛው ነገር ተጣለ።

ውሳኔው በ2001 ኢ3 በተባለው የጌም ትርኢት ላይ ለሕዝብ ሲታይ የተነሣውን ቁጣ ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ፈርስት ፐርሰን ማለት ተኩስ ማለት ነበር። የሬትሮ መሥራች ጄፍ ስፓንገንበርግ ከዚያ በፊት ያቋቋሙት ኢጓና በ1997 ቱሮክ የተባለውን የተኩስ ጌም ለኒንቴንዶ 64 የሠራው ስቱዲዮ ነው። ሥዕሉ በተጫዋቾች አእምሮ ውስጥ ወዲያው ሙሉ ሆነ፦ ብቸኝነትና ፍለጋ የነበረው ሜትሮይድ አሜሪካ ሄዶ የጠመንጃ ጌም ሊሆን ነው። ኒንቴንዶ ጌሙን የተኩስ ጌም ብሎ አልጠራውም፤ ፈርስት ፐርሰን አድቬንቸር አለው። ብዙዎች ይህን የማስታወቂያ ቋንቋ ነው ብለው አጣጣሉት። የፈሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በእጃቸው የነበረው መረጃ የሚያመለክተው ወደዚያው ነበር። ነገር ግን የተሳሳቱት ካሜራውን ከልቡ ጋር ስላምታቱት ነው።

በ2002 ኖቬምበር ሜትሮይድ ፕራይም ሲወጣ የታየው ነገር ይህ ነው። በመቆጣጠሪያው ላይ በቀኝ በኩል ያለችው ትንሿ ዱላ፣ በሌሎች ጌሞች ለማነጣጠሪያ የምትውለው፣ እዚህ የጨረር ዓይነት መቀየሪያ ሆናለች። ጠላት ላይ ለማነጣጠር አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ዕይታው ራሱ ጠላቱ ላይ ይቆለፋል። በሌላ አነጋገር ከተኩስ ጌም ውስጥ ዋናውን ችሎታ፣ የማነጣጠርን ጥበብ፣ ሆን ብለው አወጡት። ተጫዋቹ ነፃ የሚሆነው ዙሪያውን ለመመልከት፣ ለማሰብ፣ ለማስታወስ ነው። ሳሙስ ወደ ኳስ ስትቀየር ደግሞ ካሜራው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ምክንያቱም ኳስ የሚንከባለለው ከውጭ ሲታይ ነው። በአንድ የካሜራ ሕግ እስከ መጨረሻው እንጽና የሚል ግትርነት አልነበረባቸውም።

ታሎን 4 በተባለችው ፕላኔት ላይ የሚተርክ ሰው የለም። ሳሙስ በስካን መነጽሯ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ቾዞ የተባሉ የጥንት ፍጡራን ጽሑፍ፣ የጠላቶቿን የምርምር መዝገብ፣ የእያንዳንዱን ተክልና አውሬ ባሕርይ ታነባለች። ማንበብ ያልፈለገ ሳያነብ ያልፋል። ፈርስት ፐርሰን መሆኑ ለዚህ ጠቀመ፤ ፈላጊው ከሚፈልገው ነገር ፊት ለፊት ይቆማል። ከጣራ የሚፈስ ውኃ ሥር ቀና ብትሉ ጠብታው የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ይንቆረቆራል። እንፋሎት ውስጥ ስትገቡ መስታወቱ ይደበዝዛል። ፍንዳታ አጠገባችሁ ሲበራ ደግሞ ለቅጽበት የሳሙስ ፊት መስታወቱ ላይ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቆሜ ቀረሁ። ከጎን በሚታየው ሜትሮይድ ሳሙስ ብቻዋን ስትሆን እኛ ከሩቅ ነበር የምናያት፤ እዚህ ግን ያ ብቸኝነት ወደ እኛ ተሻገረ።

ሌላው ነገር ሙዚቃው ነው። በሱፐር ሜትሮይድ የሠሩት ኬንጂ ያማሞቶ ለዚህኛውም ሙዚቃ ሠርተዋል። ማግሙር በተባለው የእሳት ዋሻ ውስጥ የሚሰማው ዜማ ኖርፌር ከተባለው የሱፐር ሜትሮይድ ጥልቅ ክፍል የመጣ ነው፤ አዲስ ኃይል ሲገኝ የሚሰማው አጭር ዜማም ነባሩ ነው። የቀድሞ ተጫዋች በማያውቀው ቦታ ቆሞ የሚያውቀውን ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ነገር ቢቀየር እንኳ ጆሮ ቤቱን ያውቃል።

ጌሙ የሃያሲዎችን ነጥብ በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ ከ100 97 ነጥብ አገኘ፤ ወደ 2.8 ሚሊዮን ቅጂም ተሸጠ። በዚያው ወር በሰሜን አሜሪካ ሜትሮይድ ፊውዥን ለጌም ቦይ አድቫንስ ወጣ። ይህኛው እዚያው ኪዮቶ፣ በሳካሞቶ መሪነት፣ በነባሩ የጎን እይታ የተሠራ ነው። ይህ ለርክክቡ ትልቅ ጥበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነባሩን መልክ የናፈቀ ሰው የሚሄድበት ቦታ ስላለው ፕራይም ሁሉንም ሰው የማርካት ሸክም አልነበረበትም።

አደራ ሰጪው የት ነበር?

ኒንቴንዶ ጌሙን ሰጥቶ እጁን ታጥቦ አልሄደም። ፕሮዲዩሰሩ ኬንሱኬ ታናቤ ነበሩ። ሚያሞቶ፣ ታናቤና ያማሞቶ ከኦስቲን ጋር በኢሜይል፣ በየወሩ በሚደረግ የስልክ ስብሰባና በአካል እየተገናኙ ይሠሩ ነበር። ዳይሬክተሩ ማርክ ፓቺኒና የሥዕል ዳይሬክተሩ ቶድ ኬለር ጌሙን በየቀኑ ይገነቡታል፤ ከኪዮቶ የሚመጣው ግን እንዴት ይሠራ የሚል ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ሜትሮይድ ነው ወይስ አይደለም የሚል ፍርድ ነበር።

የተሰጠውና የቀረው እዚህ ላይ ይለያል። ሬትሮ የተሰጠው መልኩን ነው፦ ዓለሙን፣ ሥዕሉን፣ የእንቅስቃሴውን ስሜት፣ ኢንጂኑን። ኒንቴንዶ ያስቀረው እምቢ የማለት ሥልጣንን ነው። ከባዱ እምቢታ ደግሞ የመጣው ነባሩን መልክ ለማስጠበቅ ሳይሆን ለማፍረስ ነበር። ካሜራውን ወደ ዓይን ያስገቡት ኦስቲን ያሉት እንግዶች ሳይሆኑ ኪዮቶ ያሉት ባለቤቶች ናቸው። ብዙ የርክክብ ታሪኮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አዲሱ ስቱዲዮ ነባሩን ላለማስቀየም ሲል ገጽታውን አንድ በአንድ ይገለብጣል፣ ይህን ቀይሩት ብሎ ነፃ የሚያወጣው ሥልጣን ያለው ሰው ግን ከጎኑ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ዋጋውን ያልጻፈ የጉዳይ ጥናት ደግሞ ግማሽ ነው። በ2001 መጀመሪያ ፉትቦሉና የመኪናው ጌም ተሰረዙ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሬቨን ብሌድም ቀረ። ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። በ2002 ሜይ ኒንቴንዶ የስፓንገንበርግን ድርሻ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ስቱዲዮውን ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገ። የቀሩት ሠራተኞች በሥራው የመጨረሻ ዘጠኝ ወራት በሳምንት ከ80 እስከ 100 ሰዓት ሠርተዋል። መቶ ሰዓት ማለት ለሰባት ቀን በየቀኑ ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ ነው። ያ መስታወት ላይ የሚታየው የሳሙስ ፊት፣ ያ የውኃ ጠብታ በእነዚያ ሌሊቶች የተገዛ ነው። ጌሙን እወደዋለሁ፤ እነዚህን ሰዓታት ግን ለማንም ቡድን እንደ ምሳሌ ማቅረብ አልችልም። ጌሙ ስላማረ አሠራሩ ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር አልቀበልም። አራት ጌም በአንድ ጊዜ እንዲጀመር የፈቀደ አመራር የፈጠረውን ብክነት፣ በመጨረሻ የከፈሉት ጌሙን የሠሩት ልጆች ናቸው።

ያው ተከታታይ፣ ሌሎች እጆች

በ2010 የወጣው ሜትሮይድ አዘር ኤም ለዚህ ጉዳይ ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለግላል። የልማት ሥራው ለቲም ኒንጃ ተሰጠ፤ ይህ በፈጣን የፍልሚያ ጌሞች የታወቀ የጃፓን ስቱዲዮ ነው። ታሪኩን የጻፉትና የመሩት ግን ራሳቸው ሳካሞቶ ነበሩ። የሱፐር ሜትሮይድ ዳይሬክተር ከክፍሉ ውስጥ አሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ዋስትና ይኖራል? እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

በጌሙ ውስጥ ሳሙስ ኃይሎቿ ሁሉ አብረዋት አሉ፤ ግን የቀድሞ አዛዧ አዳም ማልኮቪች ካልፈቀደላት አትጠቀምባቸውም። እሳተ ገሞራ በሚያቃጥለው ክፍል ውስጥ ሙቀቱን የሚከላከለውን ልብስ ይዛ እየተቃጠለች ትሮጣለች፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ። በነባሩ ሜትሮይድ ተጫዋቹ መንገዱን በራሱ ትዝታ ይከፍት ነበር። እዚህ ግን ፈቃድ ይጠብቃል። መልኩ ከፕራይም የበለጠ ወደ ነባሩ ይቀርባል፤ ሳሙስን ከውጭ እናያታለን፣ አብዛኛው መንገድም የጎን እይታ ስሜት አለው። ልቡ ግን የለም። ብዙ ሰዎች ወቀሳውን በቲም ኒንጃ ላይ ጣሉ። እንደ እኔ ፍርድ ስሕተቱ የስቱዲዮው አይደለም፤ የፍልሚያው ክፍል፣ ማለትም የእነሱ ሙያ ያለበት ክፍል፣ ከጌሙ ሁሉ የተሻለው ነው። የጎደለው ለፈጣሪው ለራሳቸው እምቢ የሚል ሰው ነበር።

ሳካሞቶ ከዚያ በኋላ ከስፔኑ መርከሪስቲም ጋር የሠሩት ሥራ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። መርከሪስቲም የመጣው ፊውዥንን እንደ አዲስ እንሥራ ብሎ ነበር፤ ሳካሞቶ በምትኩ የ1991ዱን ሁለተኛውን ጌም ሰጧቸው። ቀድሞ የታወቀ ካርታና ታሪክ ያለው፣ ቢበላሽም አዲስ ክፍል የማያጠፋ ሥራ ነው። በ2017 ሳሙስ ሪተርንስ ሆኖ ወጣ። በ2021 ደግሞ ሜትሮይድ ድሬድ፤ ሳካሞቶ ለኒንቴንዶ ዲኤስ ሊሠሩት አስበው የመሣሪያው አቅም አልበቃ ብሎ ያስቀመጡት ሐሳብ ነው። ከፊውዥን በኋላ ለ19 ዓመት ያልታየው አዲስ የጎን እይታ ሜትሮይድ በእንግዳ እጅ ተመለሰ። መጀመሪያ ትንሹን አደራ፣ ቀጥሎ ትልቁን። ሬትሮ ይህን ዕድል አላገኘም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ትልቁን ነው የተሸከመው።

ስሙ የቀረ ስቱዲዮ

በ2017 ኒንቴንዶ የሜትሮይድ ፕራይም 4ን አርማ ብቻ አሳየ፤ ሥራውን የያዘው ሬትሮ ሳይሆን ኒንቴንዶ ስሙን ያልጠራው ሌላ ቡድን ነበር። በ2019 ጃንዋሪ የኩባንያው የጌም ልማት ኃላፊ የነበሩት ሺንያ ታካሃሺ በቪዲዮ ቀርበው ሥራው ለተከታታዩ ከሚፈለገው ደረጃ አለመድረሱን፣ እንደ አዲስ ተጀምሮ ለሬትሮ መሰጠቱን ተናገሩ። እንዲህ ያለ ግልጽነት በዚህ ኢንዱስትሪ ብዙ ጊዜ አይታይም። ዜናውን የሰማን ሁሉ ተደሰትን፤ ጌሙ ወደ ቤቱ ተመለሰ አልን። ጌሙ የወጣው በ2025 ዲሴምበር ነው።

ግን የትኛው ቤት? ማርክ ፓቺኒ፣ ቶድ ኬለርና ዋናው ፕሮግራመር ጃክ ማቲውስ ከሦስተኛው ፕራይም በኋላ በ2008 ሬትሮን ለቀው አርማቸር የተባለ የራሳቸውን ስቱዲዮ መሥርተዋል። በ2019 አደራውን የተቀበለው ሬትሮ በሩ ላይ ያለው ስም ያው ነው፤ ውስጡ ግን በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ከ2002 ጀምሮ ጌሙን ሲከታተሉ የኖሩት ታናቤ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሬትሮ ሰው አይደሉም። እኛ ተመለሰ ያልነው ጌም በእውነቱ ሦስተኛ ጊዜ እጅ መለወጡ ነበር። ስሙ አንድ ስለሆነ ማንም እንደ ርክክብ አልቆጠረውም፤ ሬትሮ በ2000 የገጠመውን ጥርጣሬም አልገጠመውም።

በ2023 ፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ፕራይም ታድሶ ስዊች ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ወጣ። ሥዕሉ ጠርቷል፤ ጠብታው አሁንም መስታወቱ ላይ ይንቆረቆራል፤ ፊቷም በፍንዳታው ብርሃን ይታያል። ጌሙን ጨርሼ የሠራተኞቹ ስም ሲወርድ ጠበቅሁ። ያደሱት ሰዎች ስም በተራ አለፈ። በ2002 እነዚያን ዘጠኝ ወራት የሠሩት ግን አንድ በአንድ አልተጠሩም። በምትካቸው አንድ መስመር አለ፤ ይህ ሥራ በቀድሞው ጌም ልማት ቡድን ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። ከቀድሞዎቹ ሠሪዎች መካከል ቅሬታቸውን በአደባባይ የተናገሩ አሉ። መስመሩ ሁለት ሰከንድ ያህል ስክሪኑ ላይ ቆይቶ ወደ ላይ ወጣ።